ከሥዕል ሸራ ወደ ደጅ አፈር፤ የጌርትሩድ ጄኪል የሕይወት ታሪክ

ሰው በልብሱ ብቻ ሳይሆን በደጁም ይታወቃል። ወደ አንድ ቤት የሚመጣ እንግዳ ባለቤቱን ከማግኘቱ በፊት አጥሩን፣ የግቢውን በርና ደጃፉን ያያል። ደጁ የተጠረገና የለመለመ ሲሆን ገና ሳይገባ ደስ ይለዋል፤ ዳዋ የዋጠው ሲሆን ግን ቤት ያፈራውን ሁሉ ቢያቀርቡለት እንኳ ያ የመጀመሪያ ስሜት ቶሎ አይለቀውም። ስለዚህ ደጅን ማሳመር እንግዳን በሩቁ እንደ መቀበል ይቆጠራል።

ታላላቅ ሰዎች ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ነገሥታት፣ የጦር አለቆችና የሳይንስ ሊቃውንት ናቸው። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ አንዲት አትክልተኛ ልጽፍ ወሰንሁ። ይህች ሴት አገር አልገዛችም፤ ጦርም አልመራችም። ዕድሜዋን የፈጀችበት ሥራ የቤትን ደጅና ግቢ በአበባ ቀለም ማስዋብ ነበር። ስሟ ጌርትሩድ ጄኪል ይባላል። ታሪኳን መጀመሪያ ያወቅሁት ከአንድ መምህራችን በተዋስሁት አሮጌ መጽሐፍ ነው። ውድ አንባብያን፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላመልክት።

ጌርትሩድ ጄኪል በ1843 ዓ.ም. ኖቬምበር 29 ቀን በለንደን ከተማ ተወለደች። አባቷ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። ገና ሕፃን ሳለች፣ በ1848 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤተሰቡ ከለንደን ወጥቶ ሰሪ በሚባለው አውራጃ ብራምሊ በተባለች የገጠር መንደር ተቀመጠ። ወንድሞቿ ለትምህርት ሲሄዱ እርሷ በሜዳውና በጫካው ትዘዋወር ነበር፤ የዱር አበቦችንም አንድ በአንድ ለየች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከወንድሞቿ አንዱ ስቲቨንሰን የተባለው ደራሲ ወዳጅ ነበረ፤ ደራሲውም የዚህን ቤተሰብ ስም ወስዶ በዓለም ለታወቀው ዶክተር ጄኪል ለተባለው የልብ ወለድ ሰው ሰጠው። ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ልብ ወለዱን ስለሚያውቁት ስሙ እንግዳ እንደማይሆንባቸው አምናለሁ።

በ1861 ዓ.ም. በለንደን በደቡብ ኬንሲንግተን የሥዕል ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ሥዕልን እንደ ሙያ ይዛ ስትማር ማየት የተለመደ አልነበረም። እርሷ ግን በብሔራዊው የሥዕል ቤት ተቀምጣ ተርነር የተባለውን የታላቁን ሠዓሊ ሥራዎች እየገለበጠች የቀለምን ጠባይ አጠናች። ሼቭሩል የሚባል የፈረንሳይ ኬሚስት ስለ ቀለም የደረሰበትንም ዕውቀት ተማረች። ይህ ሰው በፓሪስ ጎብላን በተባለው የሥጋጃ ሥራ ቤት የቀለም ሹም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የሥራ ቤቱ ጥቁር ክር ደብዝዟል ተብሎ አቤቱታ ቀረበለት። ሼቭሩል ነገሩን ሲመረምር ጥቁሩ ክር ምንም ጉድለት እንደሌለው አወቀ፤ ያደበዘዘው በአጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊ ቀለም ነበር። ስለዚህ በ1839 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀለም የሚታየው በራሱ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቱም መሆኑን አስረዳ። የእኛ ሸማኔዎችም ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ቀይ ጥለት በአረንጓዴ ዳር ሲሆን ይነድዳል፤ በብርቱካንማ ዳር ሲሆን ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ክሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ጌርትሩድ ከትምህርቷ በኋላ በ1863 ዓ.ም. ወደ ግሪክና ወደ ቱርክ ተጓዘች። ከዚያም ወዲህ በአውሮፓ የብርድ ወራት አፍሪካን ረግጣ በአልጄሪያ ተቀመጠች። እጇ ከሥራ አይቦዝንም ነበር፤ ከሥዕሉ ሌላ ጥልፍ ትጠልፋለች፣ እንጨት ትቀርጻለች፣ ብር ትሠራለች፣ በኋላም ፎቶግራፍ ማንሣት ተማረች። አባቷ በ1876 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ከእናቷ ጋር ወደ ሰሪ ተመልሳ መንስቴድ በተባለው ስፍራ ተቀመጠች። ጥቂት ዓመታት ቆይታም ከእናቷ ቤት ማዶ ስድስት ሄክታር የሚያህል መሬት ገዛች። መሬቱ አሸዋማና ለእርሻ የማይመች ነበር።

ከዚህ በኋላ በሕይወቷ ትልቁ ፈተና መጣ። ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አያይም ነበር፤ ዕድሜዋ እየጨመረ ሲሄድም ሕመሙ ባሰባት። በ1891 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ወደ ቪስባደን ሄዳ በታወቀ የዓይን ሐኪም ዘንድ ታየች። ሐኪሙም የቀረውን ብርሃን ለማትረፍ ሥዕልንና ጥልፍን እንድትተው መከራት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 47 ነበር። ሠላሳ ዓመት የደከመችበት ሙያ በአንድ ቀን ከእጇ ወጣ።

እኔ ይህን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ መነጽር አደርጋለሁ፤ ያለ መነጽር ከሦስተኛው ረድፍ ሆኜ ሰሌዳውን ብመለከት የሚታየኝ ጉም ነው። ምኞቴ የሕንፃ ንድፍ መማር ነበር፤ አሁንም ነው። ነገር ግን ያየኝ ሐኪም መነጽሬ በየዓመቱ እየወፈረ እንደሚሄድና ለረጅም ሰዓት ረቂቅ መስመር መሳል እንደሚያስቸግረኝ ከነገረኝ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ብዙ አስብ ነበር። ስለዚህ ይህች ሴት ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንዳደረገች ለማወቅ የጓጓሁት ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ አልነበረም።

ያደረገችው ይህ ነው። ሥዕሉን ስትተው ቀለሙን አልተወችም። ሸራው መሬት፣ ቀለሙ አበባ፣ ብሩሹም አካፋ ሆነላት። ከዚያ በፊት ተክል ትወድና ስለ አትክልት ትጽፍ ነበር፤ አሁን ግን ዋና ሥራዋ አደረገችው። ብዙ ሰዎች እንደሚሉት የዓይኗ ድካም ለዚህ ሥራ ጠቀማት እንጂ አልጎዳትም። ዓይኑ የደከመ ሰው ከሩቅ ሲመለከት የአበባውን ቅጠል አንድ በአንድ አይለይም፤ የሚያየው ሰፊ የቀለም ስፍራ ብቻ ነው። እኔም መነጽሬን አውልቄ ከመንገድ ወዲያ ያለውን ግቢ ስመለከት ይህን አረጋግጫለሁ፤ አንድ አንድ ሆነው የተበታተኑ አበቦች ይጠፋሉ፤ በአንድነት የተተከሉት ግን ይታያሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለአበባም ይሠራል።

በ1889 ዓ.ም. ኤድዊን ላችንስ ከሚባል የ20 ዓመት ወጣት የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ጋር ተዋውቃ ነበር። እርሷ የዚያን ጊዜ 45 ዓመቷ ነበር። በዕድሜ ቢራራቁም በሥራ ተስማሙ፤ እርሱ ቤቱን፣ እርሷ ግቢውን እየነደፉ መቶ ያህል ሥራዎች አብረው ሠሩ። የእርሷንም ቤት በገዛችው መሬት ላይ የሠራላት እርሱ ነው። ሥራው የተጀመረው አባቶቻችን በአድዋ ድል ባደረጉበት በ1896 ዓ.ም. ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት ተፈጸመ። ስሙም መንስቴድ ውድ ተባለ።

በዓለም ያስታወቃት በዚህ ግቢ ውስጥ የተከለችው ረጅም የአበባ መደብ ነው። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር ያህል ነበር፤ ከኋላው የድንጋይ ግንብ ቆሟል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አበቦችን እንደ ምንጣፍ በክብና በኮከብ ቅርጽ ጐን ለጐን ይደረድሩ ነበር፤ ሁሉም ቀለም በአንድ ጊዜ ስለሚጮህ ዓይን የሚያርፍበት አልነበረውም። ጌርትሩድ ግን ቀለሞቹን በተራ አስኬደቻቸው። ከመደቡ ጫፍ ግራጫ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ከሰማያዊና ከነጭ አበባ ጋር አደረገች። ቀጥሎ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከዚያ ደማቅ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካንማ መጣ። በመካከሉ ላይ ቀዩ ነደደ። ከመካከሉ በኋላ ደግሞ በመጣበት መንገድ እየለዘበ ሄዶ በሌላው ጫፍ በሐምራዊና በግራጫ አበቃ።

የዚህ አሠራር ምክንያት በዓይን ጠባይ ላይ የቆመ ነው። ዓይን አንድን ቀለም ብዙ ሲመለከት ይጠግበዋል፤ ተቃራኒውንም ይራባል። ይህን ለመፈተን የሚወድ ተማሪ ብርቱካንማ አበባን ግማሽ ደቂቃ ያህል ትኵር ብሎ ይመልከትና ወዲያው ዓይኑን ወደ ነጭ ወረቀት ይመልስ፤ በወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ጥላ ይታየዋል። በግራጫውና በሰማያዊው ጫፍ ቆሞ የጠገበ ሰው ወደ ቢጫው ሲደርስ ቢጫው የሚያበራለት፣ ከቀዩ የተመለሰ ሰውም በግራጫው የሚያርፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በመደቡ መካከል ከተከለቻቸው መካከል ካናና ዳህሊያ ይገኛሉ፤ ሁለቱም በእኛ አገር ግቢዎች የታወቁ ናቸው። ክኒፎፊያ የተባለው፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብበውም ነበረበት፤ የዚህ ተክል ወገን በአገራችን ደጋ ላይ ዘሪ ሳያሻው ይበቅላል።

ሌላው ብልሃቷ የአተካከሏ ነው። ተክሎቹን በክብ ሳይሆን በቀጭንና ረጅም ሰያፍ መስመር ትተክላቸው ነበር። አበባው ያለቀለት ተክል ከፊቱና ከኋላው ባሉት ስለሚሸፈን ባዶ ስፍራ አይታይም። እንዲሁም አንድ መደብ ዓመቱን ሙሉ ሊያምር እንደማይችል አውቃ ለየወራቱ የተለያየ ስፍራ ለየች። የተናቀ አበባም አልነበራትም። በዘመኗ ብዙ ሰዎች ቀዩን ጄራኒየም ተራ ነው ብለው ሲጠሉት እርሷ ጥፋቱ ያለ ስፍራው የተከለው ሰው እንጂ የአበባው አለመሆኑን ጽፋ ተከራከረችለት።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ይህን ዕውቀት ከማን እንዳገኘችው ነው። ከሥዕል ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም። በሰሪ ገጠር የሚኖሩ ድኾች በጎጆአቸው ደጅ በጠባብ መሬት ላይ የሚተክሉትን አበባ እየዞረች ታይ፣ ትጠይቅ፣ ፎቶግራፍም ታነሣ ነበር። ባለጸጎች የረሷቸውን አሮጌ የአበባ ዘሮች ያገኘችው በእነዚህ ጎጆዎች ደጅ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ በፋብሪካ የሚሠራ አንድ ልጅ በመስኮቱ ላይ በሣጥን አበባ መትከል እንደሚፈልግና የሚመክረው ሰው እንደሌለው በጋዜጣ አሳወቀ። ሣጥኑ 90 ሴንቲ ሜትር በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ለጌቶችና ለወይዛዝርት ግቢ የምትነድፈው ሴት ለዚህ ልጅ ትናንሽ ተክሎችን፣ ሥራ ሥሮችንና ጥቂት ድንጋዮችን ጭምር ጠቅልላ ላከችለት።

በሕይወቷ ዘመን 400 ያህል ግቢዎችን ነደፈች፤ ከ1,000 በላይ የጋዜጣና የመጽሔት ጽሑፎችን፣ ከአሥር በላይ መጻሕፍትንም ጻፈች። የመጀመሪያው መጽሐፏ በ1899 ዓ.ም. ሲታተም፣ ስለ አበባ ቀለም አቀማመጥ የጻፈችው በ1908 ዓ.ም. ወጣ። ስታረጅና መጓዝ ሲያቅታት የግቢውን ልክና ከመሬቱ የተዘገነ አፈር በፖስታ እያስላከች ሳታየው ትነድፍ ነበር። አፈሩን ሳይመረምር የሚተክል ሰው ይከስራል ማለት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ዕድሜዋ ከ70 ካለፈ ወዲህ፣ በፈረንሳይ አገር ለወደቁት ወታደሮች መቃብር የአበባ ንድፍ አዘጋጅታለች።

ጌርትሩድ ጄኪል በ1932 ዓ.ም. ዲሴምበር 8 ቀን በ89 ዓመቷ አረፈች። በዚያው ዓመት በእኛ አገር የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ ከገዙ በኋላ ዐርፈዋል። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ከእንጨት የተሠራው ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ቆሞ ጎብኚ ይቀበላል። አበባ ግን እንደ ቤተ መንግሥት አይቆምም፤ የተካዩ እጅ ሲታጠፍ በዓመቱ ዳዋ ይውጠዋል። የእርሷም ግቢዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ሆኖም ንድፎቿ ስለ ተጠበቁ በሶመርሴት አውራጃ የሚገኘው የኸስተርኮም ግቢ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ቀድሞው ተተክሏል፤ የራሷንም ቤትና ግቢ በ2023 ዓ.ም. የእንግሊዝ የቅርስ ማኅበር ገዝቶታል። ላችንስ በሠራላት መቃብር ላይ ሦስት ሙያዎቿ ተጽፈዋል፤ ሠዓሊነቷ፣ አትክልተኛነቷና የእጅ ባለሙያነቷ። ሐኪም ያስተዋት ሥዕል ከሦስቱ ቀዳሚው ሆኖ መጻፉ ለእኔ ትልቅ መጽናኛ ሆኖኛል።

አሁን ይህ ታሪክ ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች ምን ይጠቅማል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በጌራ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አፈራችን ቀይ ነው፤ የቡናው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በክረምት ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ይህ ሁሉ ለሠዓሊ የተዘጋጀ ሸራ ነው። ነጭና ቢጫ አበባ በቡና ቅጠል ፊት ለፊት በደመናም ቀን እንኳ ያበራል። በበጋ ብርቱ ፀሐይ ፈዛዛው ቀለም ሲጠፋ ቀዩና ብርቱካንማው ይጸናል። ሐምራዊ አበባ ግን በቀይ አፈር አጠገብ ስለሚደበዝዝ ከሥሩ ግራጫ ቅጠል ያስፈልገዋል።

ወራቱም የየራሳቸው ቀለም አላቸው። በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ታደርገዋለች። በጥቅምትና በኅዳር የበሰለው ቡና እንደ ዶቃ ይቀላል። በበጋ ኮርች ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ይሞላል፤ ቡገንቪላም በአጥሩ ላይ ይደምቃል። የበልጉ ዝናብ ሲነካው ቡናው ራሱ ነጭ አበባ አውጥቶ መንደሩን በሽታው ያውደዋል። በክረምት ደግሞ እናቶቻችን ለእጃቸው ማቅለሚያ የሚተክሉት እንሶስላ ያብባል። ዓመቱን ሙሉ የሚያምር ደጅ ለማግኘት ከውጭ አገር ዘር ማስመጣት አያስፈልግም፤ ያለንን በተራ ማስኬድ ይበቃል።

ይህን ሐሳብ ለአባቴ ባቀረብሁለት ጊዜ ደጃችን ቡና የሚሰጣበት መሆኑን፣ አበባም እንደማይበላ ነገረኝ። ቃሉ እውነት ነው፤ ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ ቡና ነው። ስለዚህ ከማስጫው አንድ ስንዝር ሳልነካ በአጥሩ ሥር 8 ክንድ በ2 ክንድ የሚሆን መሬት ብቻ ለመንሁት፤ ፈቀደልኝ። በሁለቱ ጫፍ እናቴ ለበዓል የምትቈርጠውን ግራጫማውን አሪቲ፣ ቀጥሎ ነጭና ቢጫ አበባ፣ በመካከል ቀይ ካና ተከልሁ። ተክሉን ሁሉ ከጎረቤት ስለ ለመንሁት ያወጣሁት ገንዘብ የለም። በክረምቱ መጨረሻ ዓይኗ የደከመው አያቴ ከአጋሮ መጣች። በሰፈራችን የቆርቆሮ አጥሮች ሁሉ ስለሚመሳሰሉ ከዚህ በፊት በመጣች ቁጥር የሰው በር ታንኳኳ ነበር። በዚያ ቀን ግን ማንም ሳይመራት ከባጃጁ ወርዳ ቀዩን እያየች በቀጥታ ወደ እኛ በር መጣች። አባቴ ይህን ቆሞ አየ፤ ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ ግን መደቡን ከፍየል ለመከላከል እንጨት ሲፈልጥ አገኘሁት።

ሳጠቃልል፣ የአገራችን ዋና ከተማ አዲስ አበባ ተብላ የተሰየመችው በእቴጌ ጣይቱ ነው፤ እኛም ስሙን በየቀኑ ስንጠራ አበባን እየጠራን ነው። በቅርብ ዓመታት በከተማችን መንገዶች ዳር አበባ ሲተከል አይተናል። የመንገዱ ለከተማው ሹማምንት ሥራ ነው፤ የደጃችን ግን የእኛ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ከቡናው ማስጫና ከአጥሩ መካከል ሁለት ክንድ መሬት ለልጆቻችሁ ስጡ። መምህራን ሆይ፣ የትምህርት ቤታችንን በር ግራና ቀኝ ለእኛ ለተማሪዎች ልቀቁልን፤ የቀለም ትምህርትን በዚያ እናጠናዋለን። ጓደኞቼ ሆይ፣ የምትወዱት ሥራ አንድ ቀን ከእጃችሁ ቢወጣ፣ ከሥራው ውስጥ የምትወዱት ምን እንደ ነበር ጠይቁ፤ እርሱን ይዛችሁ ሌላ መሬት ፈልጉ። እኔም የሕንፃ ንድፍ ቢከለከለኝ የሕንፃ ደጅ እንዳለ አሁን አውቄአለሁ።